ለላባችሁ መንታ አብጁለት

ኡኬ ላይ ሠርግ የሚቀርጽ ወጣት፣ ነቀምት ላይ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታጠናቅቅ ተማሪ፣ ጊምቢ ላይ የቡና ሒሳብ የሚመዘግብ ነጋዴ፣ ሻምቡ ላይ የፈተና ጥያቄ የምታዘጋጅ መምህርት፣ ደምቢ ዶሎ ላይ የመዘምራን ድምፅ የሚቀዳ ባለሙያ። እነዚህ የወለጋ ሰዎች አይተዋወቁም፤ ሥራቸውም ለየቅል ነው። ሁሉም ግን የዓመታት ድካማቸውን ያስቀመጡት ከመዳፍ በማትበልጥ አንዲት ዕቃ ላይ፣ ላፕቶፓቸው ውስጥ ባለች አንድ ዲስክ ላይ ነው።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኔ ዛሬ ይህን የምጽፈው አፈሩን እንድትፈሩ ብዬ አይደለም። ሁለተኛ ዓይን ማግኘት እንደሚቻል፣ ያውም እዚሁ ባላችሁበት ከተማ፣ በገዛ እጃችሁ ልታደርጉት እንደምትችሉ ልነግራችሁ ነው። በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሁለት ዲስክ አስገብቶ፣ አንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት ሌላውም ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ይቻላል። የሙያው ሰዎች ራይድ 1 ወይም ሚረር ይሉታል። እኔ እዚህ መንታ ዲስክ እለዋለሁ። ለዚህ የኮምፒውተር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ የዕረፍት ቀን፣ ትንሽ ካቻቢቴና የተረጋጋ መንፈስ ይበቃል።

በቅድሚያ ዲስክ ሟች መሆኑን እንቀበል። ርካሹም ውዱም፣ ታዋቂው ስም ያለበትም የሌለበትም አንድ ቀን ይቆማል። የቀድሞው ዓይነት ሃርድ ዲስክ በላፕቶፕ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይሽከረከራል። መረጃውን የሚያነበው ጫፍ ደግሞ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ይንሳፈፋል፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ከዚህ ከፍታ በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ላፕቶፓችሁን ሳታጠፉ ቦርሳ ውስጥ ከትታችሁ ከኡኬ ወደ ነቀምት ሚኒባስ ስትሳፈሩ፣ መኪናው በዘለለ ቁጥር ያ ጫፍ ሳህኑን እንዳይነካ ጸልዩ። አዲሱ ኤስ ኤስ ዲ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው መንገጫገጩን ይችለዋል። ክፋቱ አሟሟቱ ነው። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ እያለ፣ እየዘገየ፣ እያቃሰተ ምልክት ይሰጣል። ኤስ ኤስ ዲ ግን ማታ በደህና ሠርቶ አድሮ ጠዋት ኮምፒውተሩ ጭራሽ ላያየው ይችላል። የአንገር ሸለቆ ሙቀትና የበጋው አቧራ ሲጨመርበት የላፕቶፑ ማራገቢያ ይታፈናል፣ የዲስኩም ዕድሜ ያጥራል።

ይህን የምነግራችሁ ተስፋ እንድትቆርጡ አይደለም፤ እኔን ይህ ነገር ይልቁንም ያበረታኛል። መምጣቱ የታወቀ ጉዳት ዝግጁ ሆኖ ለጠበቀው ሰው ተራ ሥራ ነው። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኸው ውሻ ጉልበት አላነሰውም፤ የጮኸበት ሰዓት ነው ያለፈው። እናንተ ጋ ግን ሰዓቱ ገና ነው። ይህን የምታነቡበት ላፕቶፕ ዛሬ ይሠራል፤ ፋይሎቻችሁ ዛሬ ይከፈታሉ። ከዚህ የተሻለ ቀን አታገኙም።

ወለጋ ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ እንግዳ አይደለችም። እንዲያውም በኢትዮጵያ ውስጥ ሥራን ከአንድ ቦታ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሺህ ቦታ ማባዛት ምን እንደሚያደርግ ለማየት የፈለገ ሰው የአስቴር ጋኖን ታሪክ ይመልከት። በ1886 እ.ኤ.አ. ገና ልጅ ሳለች በባርነት ወደ ዓረቢያ ስትወሰድ ጣሊያኖች ቀይ ባሕር ላይ መርከቧን ይዘው ነጻ አወጧት። ከዚያም ምጽዋ አጠገብ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። ከአገሯ ስትወጣ መጽሐፍም ብራናም አልያዘችም። የያዘችው በልጅነቷ የሰማችውን ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌያዊ አነጋገርና ዘፈን ነበር፤ ያ ሁሉ ያለው በአንዲት ልጅ አእምሮ ውስጥ ብቻ ነው። እሷ ታመመች ማለት ሀብቱ ታመመ፣ እሷ ረሳች ማለት ሀብቱ ጠፋ ማለት ነበር።

አስቴር ተቀምጣ ጻፈችው። ወደ 500 የሚጠጋ የኦሮሞ የቃል ሀብት ከልቧ ወደ ወረቀት አወረደች። ከዚያ ውስጥ ብዙው በ1894 እ.ኤ.አ. ለጀማሪ አንባቢዎች በተዘጋጀው የኦሮምኛ መጽሐፍ ታተመ። እንደ እሷ በባርነት ተሸጦ በኋላ ምጽዋ ላይ ነጻ ከወጣው ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር በሠራችው ትርጉም አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 እ.ኤ.አ. በኦሮምኛ፣ በግዕዝ ፊደል ታተመ። የ1899ኙ የታተመው ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና በሚባል ስፍራ ነው። ባልደረቦቹ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ ሲመለሱ ሥራቸው በአንድ ሳጥን ላይ የተንጠለጠለ አልነበረም። አንዱ ቅጂ ወንዝ ቢወስደው፣ ሌላው ቢቃጠል፣ ሌላ ደግሞ የሆነ ቤት መደርደሪያ ላይ ይገኛል። ኦኔሲሞስ በ1931 እ.ኤ.አ. ነቀምት ላይ አረፈ፤ አስቴር እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ኖረች። ሥራቸው ዛሬም ይነበባል።

እዚያው ነቀምት የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት አለ። የሌቃ ነቀምት ገዥዎች ከአዲስ አበባ ጋር የተጻጻፏቸው ደብዳቤዎች ለተመራማሪ ብርቅ ሀብት ናቸው። ተሰማ ታኣና አሌሳንድሮ ትሪዉልዚ የተባሉ የታሪክ ምሁራን የወለጋን የታሪክ ሰነዶች አሰናድተው በመጽሐፍ አሳትመዋል። ደብዳቤው በመጽሐፍ ከወጣ ወዲህ ወረቀቱን ብል ቢበላው እንኳ ቃሉን ማንም ሊወስደው አይችልም።

በአገር ደረጃም እንዲሁ ተሠርቷል። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየገዳማቱና በየአድባራቱ ያሉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲነሡ፣ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀመጥ ሌላው አሜሪካ ሚኒሶታ ተላከ። ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት እንዲህ መንታ አገኙ፤ ሚኒሶታ ሆነው ከሌሎች ጋር መጻሕፍቱን እየመረመሩ ዝርዝሩን ያዘጋጁት ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ሥራው በተጀመረ በዓመቱ አብዮቱ መጣ። ሰዎቹ ቅጂውን ከአብዮቱ ቀድመው የጀመሩት የነገውን አውቀው ሳይሆን፣ ነገ አይታወቅም ብለው ነው።

እንግዲህ ወደ ላፕቶፓችን እንመለስ፤ እጃችን ሥራ ይልመድ።

የመንታ ዲስክ አሠራር ራይድ የሚለውን ስም ያገኘው በ1988 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ባወጡት ጽሑፍ ነው። ሐሳባቸው ለእኛ ዓይነቱ አገር የተጻፈ ይመስላል። አንድ ግዙፍና ውድ ዲስክ ከመግዛት ርካሽና ትናንሽ ዲስኮችን አስተባብሮ ማሠራት ይሻላል ነው የሚሉት። ካቀረቧቸው መንገዶች አንደኛው ደረጃ ከእነሱም በፊት በትላልቅ ኮምፒውተሮች ይሠራበት የነበረው መንታው ነው። አንድ ፋይል ሴቭ ስታደርጉ ኮምፒውተሩ ሁለቱም ላይ ይጽፋል። አንዱ ሲሞት ሥራ አይቆምም፤ ሌላው ሙሉውን ይዞ ይቀጥላል። አዲስ ዲስክ ስትተኩ ደግሞ የተረፈው ያለውን ሁሉ ይገለብጥለታል። የምትከፍሉት ዋጋ ቦታ ነው። ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ አጣምራችሁ የምታገኙት 1 ቴራባይት ብቻ ነው። አንዱ 500 ጊጋባይት ሌላው 1 ቴራባይት ከሆነ ደግሞ መንታው የሚሠራው በትንሹ ልክ፣ በ500 ነው።

አሁን ላፕቶፓችሁን ገልብጡት። የሞዴሉን ስም አንብባችሁ ስንት የዲስክ ቦታ እንዳለው አጣሩ፤ ወይም ነቀምት ወደምታምኑት ጥገና ቤት ወስዳችሁ "ሁለተኛ ዲስክ ይቀበላል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው የማያውቀው መልካም ዜና እዚህ ጋ አለ። በርካታ ላፕቶፖች ኤም ዶት ቱ የሚባለው ቀጭን ማስገቢያና የ2.5 ኢንች ዲስክ ቦታ ሁለቱም አላቸው፤ ከፋብሪካ ሲወጡ ግን ብዙ ጊዜ አንዱ ባዶ ይተዋል። ባለቤቱ ለዓመታት ያን ባዶ ቦታ ተሸክሞት ይዞራል። ሲዲ ማጫወቻ ያላቸው የቆዩ ላፕቶፖች ደግሞ ሌላ ዕድል አላቸው። ማጫወቻውን አውጥቶ በቦታው ካዲ በሚባል ማቀፊያ ሁለተኛ ዲስክ ማስገባት ይቻላል። ካዲው በሁለት ውፍረት ይመጣል፤ 9.5 ሚሊሜትርና 12.7 ሚሊሜትር። ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት የማጫወቻችሁን ውፍረት በማስመሪያ ለኩ። ይህን ያልለካ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

ዲስኮቹን ስትገዙ አንድ ምክር ልስጣችሁ፤ ሁለቱን ከአንድ ካርቶን አታውጡ። በአንድ ቀን የተመረቱ፣ እኩል የሠሩ፣ እኩል የሞቁ ዲስኮች ተቀራርበው ሊሞቱ ይችላሉ። አንዱ በዚህ ወር፣ ሌላው ከተከታዩ ዕቁብ በኋላ ቢገዛ ጥሩ ነው። ገንዘብ ላነሰውም ይህ ያግዘዋል። የሁለቱን ዋጋ አንድ ላይ ማውጣት የለባችሁም። አራት አምስት ፎቶ ቤቶች ለዲስክ ብቻ ትንሽ ዕቁብ ቢጥሉ ዓመት ሳይሞላ ሁሉም መንታ ይኖራቸዋል። ዕቁብ ለቤት ዕቃና ለከብት ሠርቶ ለዲስክ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ማጣመሩ በሦስት መንገድ ይሆናል። ሁሉንም እዚህ አልዘረዝርም፤ የትኛው ለእናንተ እንደሚስማማ ለመለየት የሚበቃውን ያህል ልንገራችሁ።

ሁለት አንድ ዓይነት ዲስክ የሚቀበልና ከፋብሪካው ራይድ የሚችል ላፕቶፕ ካላችሁ፣ ገና ዊንዶውስ ሳይጫን ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው ማስተካከያ፣ ባዮስ የሚባለው፣ ውስጥ ገብታችሁ ሁለቱን አጣምሯቸው፤ ከዚያ ዊንዶውሱን ጫኑ። ይህ ሙሉውን ኮምፒውተር መንታ ያደርገዋል። ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ሰው ደግሞ ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብቶ ሥራው ያለበትን ክፍል ሁለተኛው ዲስክ ላይ ሚረር ሊያደርገው ይችላል፤ ሆም የሚባለው ዊንዶውስ ይህን አይፈቅድም። ሆም ላይ ያላችሁ ስቶሬጅ ስፔስስ የሚባለውን ተጠቀሙ። እሱ የዊንዶውሱን ዲስክ ስለማይነካ ከዚያ ሌላ ሁለት ዲስክ ይፈልጋል፤ ቦታ ካነሰ ግን በዩኤስቢ የሚሰካ ዲስክም ይቀበላል። ሊኑክስ የለመዳችሁ ተማሪዎች ከሁላችንም የታደላችሁ ናችሁ። ኤምዲአድም የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የተለያየ ዓይነት ዲስክም ቢሆን ያጣምርላችኋል፤ ፈጥኖ የሚጽፈው የሚዘገየውን ይጠብቃል እንጂ ሥራው አይቀርም።

በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ግን ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ያላችሁን ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ማጣመሩ ብዙ ጊዜ ዲስኩን ፎርማት ያደርገዋል። "እሺ" የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት የትኛው ዲስክ የትኛው እንደሆነ በመጠኑና በስሙ ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ መብራት በየመሐሉ ለሚጠፋበት ከተማ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚሻለው አንዱ በዚህ ነው። የመጀመሪያው ግልበጣ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ተዉት ይሥራ፤ እናንተ ቡና አፍሉ።

ሲያበቃ አብዛኛው ሰው የሚተወው፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይመጣል፤ መፈተን። ቅጂያችሁ በሌላ ቦታ መኖሩን ካረጋገጣችሁ በኋላ ላፕቶፑን አጥፉ፣ አንዱን ዲስክ አውጡ፣ መልሳችሁ አብሩ። ፋይሉ ተከፈተ? የሠርጉ ቪዲዮ ይጫወታል? የመመረቂያ ጽሑፉ ምዕራፍ ሦስት አለ? ከተከፈተ ዲስኩን መልሳችሁ አስገቡና እስኪስተካከል ጠብቁ። ይህን ያደረገ ሰው ከዚያ ቀን በኋላ ሲሠራ አያያዙ ይለያል። አዲስ ነገር ለመሞከር አይፈራም። ከነቀምት የመጣ ትልቅ ሥራ አይመልስም። "ቢጠፋስ?" የሚለው ጥያቄ ከጀርባው ወርዷል። ጥንቃቄና ድፍረት አብረው የሚያድጉ ነገሮች መሆናቸውን የማምነው እንዲህ ያሉ ሰዎችን አይቼ ነው።

አሁን ደግሞ ስለምወዳችሁ አንድ ከባድ ነገር ልናገር። መንታ ዲስክ ታማኝ ነው፤ ከልክ በላይ ታማኝ። ያዘዛችሁትን ሁሉ ሁለቱም ላይ ያደርጋል። በስሕተት ፋይል ብታጠፉ ሁለቱም ላይ ይጠፋል። ቫይረስ ሥራችሁን ቢቆልፈው ሁለቱም ይቆለፋል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል። መንታው የሚጠብቃችሁ ከዲስክ ሞት ብቻ ነው። ስለዚህ ከላፕቶፑ ውጭ የሚያድር ሌላ ቅጂ የግድ ነው።

ፒተር ክሮግ የተባለ ፎቶ አንሺ ይህንን በሦስት ቁጥር አስቀምጦታል፤ 3፣ 2፣ 1። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ይሁን፣ አንዱ ከቤት ውጭ ይደር። ይህን ያለው የሒሳብ ሊቅ ሳይሆን ሥራው እንዳይጠፋበት የፈለገ ፎቶ አንሺ መሆኑ ደስ ይለኛል። ኡኬና ሻምቡ ላይ ካሜራ አንጠልጥለው ለሚውሉት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የሙያ ባልደረባቸው ነው።

"ኢንተርኔት ላይ እጭነዋለሁ" የሚሉ አሉ፤ መልካም ነው፣ ጫኑ። ግን በእሱ ብቻ አትታመኑ። በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ወለጋ የኖረ ሁሉ ያስታውሳል። በእነዚያ ወራት ሩቅ ሰርቨር ላይ ያለ ፋይል ለባለቤቱ እንደሌለ ያህል ነበር። በእጁ፣ በቤቱ፣ በዘመዱ መሳቢያ ውስጥ ቅጂ የነበረው ግን ሥራውን ቀጠለ። ኡኬ የምትሠሩ ከሆነ አንድ ኤክስተርናል ዲስክ ነቀምት እህታችሁ ቤት ይደር። ነቀምት ያላችሁ ደግሞ እናታችሁ ቤት፣ ባኮም ይሁን አርጆ፣ አስቀምጡ። በወር አንዴ ለጥየቃ ስትሄዱ አዲሱን ይዛችሁ ሄዳችሁ አሮጌውን ይዛችሁ ተመለሱ። እናታችሁም በመምጣታችሁ ደስ ይላታል።

ከቤት ውጭ የሚያድር ቅጂ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ዓለምም ተምሮበታል። በ1998 እ.ኤ.አ. ፒክሳር የተባለው የአሜሪካ ፊልም ሠሪ ድርጅት ቶይ ስቶሪ 2ን እየሠራ ሳለ አንድ ሰው በስሕተት በሰጠው ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከኮምፒውተሮቹ ላይ ጠፋ። የድርጅቱ ባክአፕ ሲታይ እሱም በትክክል አይሠራም ነበር፤ በየጊዜው አይፈተንም ነበር። በዚያ ሁሉ መሐል ጋሊን ሳስማን የተባለች ባልደረባቸው አንድ ነገር አስታወሰች። በቅርቡ ወልዳ ከቤቷ ትሠራ ስለነበር የፊልሙ ቅጂ ቤቷ ባለው ኮምፒውተር ላይ አለ። ኮምፒውተሩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በመኪና አምጥተው ሥራውን አዳኑት። ያን ያህል ባለሙያና ገንዘብ ያለው ድርጅት የዳነው አራስ እናት ቤት በነበረ ቅጂ ነው። እናንተም ይህን ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለዚያውም አስባችሁበት፣ አቅዳችሁ።

ልማዱን ከገበያ ቀናችሁ ጋር እሰሩት። በየሳምንቱ ገበያ የሚቆምበት ቀን ማታ፣ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ፣ ኤክስተርናሉን ሰክታችሁ የሳምንቱን ሥራ ገልብጡ። ስትገለብጡ ለፋይሎቻችሁም ስም አውጡ። "አዲስ ፎልደር"፣ "አዲስ አዲስ ፎልደር" የሚል ስም ለሚያደክማችሁ ሥራ ክብር አይሰጥም። የደንበኛ ስም፣ ከተማ፣ ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት። በወር አንዴ ደግሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍታችሁ የዲስኩን ጤና እዩ። ሰማያዊ ከሆነ ደህና፤ ቢጫ ካሳያችሁ አዲሱን ዲስክ ለመግዛት ቀን አታሳልፉ። ከመንታው አንዱ ሞቶ "ሌላው አለ" ብሎ መቀመጥ በአንድ ዓይን ወደ መኖር መመለስ ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው፤ መንታውን ያበጃል፣ አንዱ ሲሞት ግን አያስተውልም፣ ምክንያቱም ሥራው አልቆመበትም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን ፈልጋችሁ እዩት፤ እሱ እስኪጮህላችሁ አትጠብቁ።

የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ እናንተን ለይቼ አንድ ነገር ልበላችሁ። ዩኒቨርሲቲያችሁ በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሞ ዛሬ ስንቱን ያስመርቃል። የእናንተ መመረቂያ ጽሑፍ ስለ አንድ ወረዳ ቡና፣ ስለ አንድ መንደር ጤና፣ ስለ አንዲት አያት ትዝታ ሊሆን ይችላል። ያነጋገራችኋቸው አዛውንት ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። የቀዳችሁት ድምፅ ከእናንተ ጋር ያለ ብቸኛ ምስክር ነው። ፍላሽ ላይ ብቻ ይዛችሁት አትዙሩ፤ ፍላሽ የማመላለሻ ዕቃ እንጂ ማኖሪያ አይደለም። ላፕቶፕ መንታ ለማድረግ አቅም ከሌላችሁ ከዶርም ጓደኛችሁ ጋር ተስማሙ፤ የእሱ ጽሑፍ እናንተ ጋ፣ የእናንተ እሱ ጋ ይደር፤ በየዓርቡ ተለዋወጡ። ይህ ምንም ወጪ የለውም፤ ዛሬ ማታ ይጀመራል።

ፎቶ ቤት ያላችሁ ደግሞ ይህን ጥንቃቄ ደብቃችሁ አትያዙት። ሙሽሮቹ ሲመጡ "የእናንተ ሠርግ እኔ ጋ ሁለት ዲስክ ላይ፣ ሌላም ከተማ አንድ ቅጂ ይቀመጣል" በሏቸው። ዋጋችሁ ላይ ጥቂት ብር ብትጨምሩ ደስ ብሏቸው ይከፍላሉ። እናንተም ያን ጭማሪ ለይታችሁ አስቀምጡት፤ የሚቀጥለው ዲስክ መግዣ እሱ ነው። ቪዲዮውን ስታስረክቡ ለሙሽሮቹ አንድ፣ ለሙሽራዋ ወላጆች ደግሞ ሌላ ቅጂ ስጡ፤ ዲስኩ ላይ ስማቸውንና ቀኑን በማይለቅ እስክሪብቶ ጻፉበት። በየዓመቱ አንዴ ሰክተው እንዲያዩት ንገሯቸው።